የመጀመሪያ ትንሽ የአሉሚኒየም ዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎን እንዴት ያሻሽላሉ?

ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ወለል ምንጣፍ፣ ስለሚሽከረከር ወንበርና ስለ ዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ነው። ምኞቱ ተገቢ ነው፤ በጠባብ የብረት አግዳሚ ላይ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መንጠቆ መጣል ወገብ ይቆርጣል። ነገር ግን አራት ሜትር ገደማ የምትረዝም እንዲህ ያለች ጀልባ ባዶዋን ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎ ግራም በታች ናት። የሚጨመርባት እያንዳንዱ ሳንቃ፣ ባትሪና ወንበር ውሃ ላይ ያላትን ሚዛን ይለውጣል። ስለዚህ ሥራው ከክብደት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ቀፎውን (የጀልባዋን የላሜራ አካል) ያያል፣ ምቾትና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ የተሠራውን መልሶ ማፍረስ ያስከትላል፤ የሚያፈስ ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዝ የብረት ሚስማር) አዲስ ወለል ሥር ከተቀበረ ወለሉ መነሣቱ አይቀርም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ እንዳለች ይጠቀሙባት

ምንም ሳይነኩ ጥቂት ጊዜ ወጥተው ያስግሩባት። እግርዎ የት እንደሚሰናከል፣ መንጠቆ ሲወረውሩ የት መቆም እንደሚፈልጉ፣ ውሃ የት እንደሚጠራቀም፣ ጓደኛዎ ፊት ሲቀመጥ ጀልባዋ ምን ያህል እንደምትሰምጥ በማስታወሻ ይያዙ። ገበያ ላይ የሚታዩት ዕቃዎች ግማሾቹ እንደማያስፈልጉዎት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ባዶዋን ሳለች፣ ሌላ ጊዜ ሰው ተሳፍሮባት ሳለ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በጎኗ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይፈልጉታል።

ደረጃ 2፦ የክብደት ሒሳብ ይሥሩ

ብዙ ጀልባዎች ከኋላ ወይም ከጎን በኩል የአቅም ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው የምትችለውን የሰው ብዛት፣ የሰው፣ የሞተርና የዕቃ ድምር ክብደት እንዲሁም የሞተሩን ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ይናገራል። እርስዎ የሚሠሩት ወለልና የሚያስገቡት ባትሪ «ዕቃ» ከሚለው ውስጥ ይቆጠራሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰሌዳው በድምሩ 320 ኪሎ ይላል እንበል። 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 40 ኪሎ፣ 12 ሊትር ቤንዚን ከነታንኩ 11 ኪሎ፣ 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ፣ ሁለት ሰዎች 160 ኪሎ፣ መልሕቅ፣ ዘንግና የመንጠቆ ሣጥን አንድ ላይ 25 ኪሎ ቢሆኑ 266 ኪሎ ሆነ። የቀረው 54 ነው። አሁን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ፕላይውድ አንዱ 21 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ፕላይውድ፣ 8 ኪሎ የአሉሚኒየም ድጋፍና 5 ኪሎ ምንጣፍና ማጣበቂያ ሲደመሩ 55 ኪሎ ይሆናሉ። አንድም ሰው ሳይጨመር፣ አንድም ዓሣ ሳይያዝ አቅሟ አለቀ ማለት ነው። ምንጣፉ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ሒሳቡ የበለጠ ይከፋል።

ሰሌዳው ጠፍቶ ከሆነ የጀልባዋን ርዝመትና ስፋት በሜትር ያባዙና ውጤቱን በ0.7 ያባዙት፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ሲጥሉ የሚቀረው ቁጥር ጸጥ ባለ ውሃ ላይ የምትችለውን የሰው ብዛት ጣሪያ ያመለክታል። 4 ሜትር ርዝመትና 1.3 ሜትር ስፋት ያላት ጀልባ በዚህ ስሌት ሦስት ሰው ትይዛለች። ስሌቱ ግምት ስለሆነ እኔ ሁልጊዜ ከጣሪያው ዝቅ እላለሁ፤ ነፋስ ሲነሣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቀፎውን ይፈትሹ

ሁሉንም ዕቃ አውጥተው ጀልባዋን በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡ። የብረት ሽቦ ብሩሽና የብረት ሱፍ አይንኩ፤ አሉሚኒየሙ ላይ የሚቀሩት ደቃቅ የብረት ብናኞች ዝገትና ጉድጓድ ያመጣሉ።

ቀጥሎ ፍሳሽ ይፈልጉ። ጀልባዋን በተጎታቹ ላይ አድርገው ማፍሰሻውን ይድፈኑና ከውስጥ ውሃ ይጨምሩ። ከውጭ ሆነው የሚያንጠባጥበውን ሪቬትና መጋጠሚያ በጠመኔ ያክብቡ። ብዙዎች የሚዘነጉት የውሃውን ክብደት ነው፤ አራት ካሬ ሜትር ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከሥር በእንጨት ደግፈው፣ ጀልባዋን ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት እያዘነበሉ በጥቂት ውሃ ክፍል በክፍል ይፈትሹ።

የላላ ሪቬት ሲገኝ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ ከባድ የብረት ቁራጭ በሪቬቱ ራስ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመጠነኛ መዶሻ ደጋግሞ ይመታል። አንድ ትልቅ ምት ላሜራውን ያጎብጣል፤ ትናንሽና ተከታታይ ምቶች ግን ሪቬቱን መልሰው ያጠብቁታል። ድምፁ ይነግርዎታል፤ ሲላላ ይንሿሿ የነበረው ሪቬት ሲጠብቅ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ አሮጌውን በትራፓኖ አውጥተው በአንድ ደረጃ የሚወፍር ሪቬት በባሕር ማጣበቂያ ነክረው ያስገቡ። ከአንድ ወገን ብቻ በሪቬት መሳቢያ የሚገቡት ተራ ሪቬቶች መካከላቸው ክፍት ስለሆነ ከውሃ መስመር በታች ውሃ ያስገባሉ፤ በዚያ ቦታ ጫፋቸው ድፍን የሆነውን ዓይነት ብቻ ይጠቀሙ።

ለመጋጠሚያዎች የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ወይም ሁለት ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚጠነክረው ሙጫ፣ ኢፖክሲ፣ ጥሩ ነው። ተራ ሲልከን ግን አልመክርም። ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል፣ የሚተወው ቅባትም ሌላ ማጣበቂያና ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል።

ከዚያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ይመልከቱ። በብዙ ጀልባዎች በሁለት ላሜራ መካከል የተቀበረ እንጨት አለው። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለው እየመቱ ያዳምጡ፤ የደነዘዘና የላላ ድምፅ የበሰበሰ እንጨትን ያመለክታል። በቡሎን ቀዳዳ በኩል ጫፉን ሲያስገቡት በቀላሉ ከሰመጠ መቀየር አለበት። አሮጌውን ቅርጹን ሳያበላሹ አውጥተው አዲሱን በእርሱ ልክ ይቁረጡ፤ ውፍረቱም ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። ሁለት ፕላይውድ በኢፖክሲ ተጣብቀው፣ ገጻቸውና በተለይም ጠርዛቸው ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ከተቀባ በኋላ ይገባሉ። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከሚያስፈልገው አስፍተው ይብሱ፣ በኢፖክሲ ይሙሉ፣ ሲደርቅ በትክክለኛው ፑንታ ደግመው ይብሱ። እንዲህ ሲሆን ቡሎኑ ኢፖክሲውን እንጂ እንጨቱን አይነካም፤ ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱ ጋ አይደርስም።

ደረጃ 4፦ ተንሳፋፊውን ፎም አይጣሉ

በአግዳሚዎቹ ሥር የታጨቀው ፎም ቦታ የሚያጣብብ ይመስላል፤ ብዙ አዲስ ባለቤቶች አውጥተው በምትኩ የዕቃ ማስቀመጫ ይሠራሉ። ይህ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚፈጸሙት ሁሉ አደገኛው ነው። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ ከነሰው አንሳፍፎ የሚያቆያት እርሱ ነው። አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ የሚያጣው ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚበልጥ ጥቂት ብቻ ነው፤ 120 ኪሎ የሆነ ቀፎ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥም ገና 75 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይስባል። ሞተሩና ባትሪው ይጨመሩበታል። አንድ ሊትር ደረቅ ፎም ወደ ላይ የሚገፋው አንድ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ በቀላሉ ይሰላል።

አሮጌ ፎም ግን ውሃ ይጠጣል። ከታች በኩል ትንሽ ቆርጠው በእጅዎ ይጭመቁት፤ ውሃ ካንጠባጠበ ይውጣ። ምትኩ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ጠንካራ ፎም ይሁን። ሰሌዳ ሆኖ የሚሸጠው የፖሊስታይሪን ፎም በቤንዚን ይሟሟል፤ ታንክ አጠገብ የፖሊዩሬቴን ዓይነት ይምረጡ። ሁሉንም ወለል ሥር ከማጨቅ የተወሰነውን በጎኖቹ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ተንሳፋፊው ሁሉ ታች ከሆነ ውሃ የሞላች ጀልባ ትገለበጣለች።

አግዳሚዎቹም ቢሆኑ መቀመጫ ብቻ አይደሉም፤ ሁለቱን ጎኖች አቻችለው የሚይዙ የጀልባዋ አጥንቶች ናቸው። መካከለኛውን አንሥተው ሰፊ ወለል ለማግኘት ከፈለጉ በቦታው ከጎን ወደ ጎን የሚያያዝ ጠንካራ ድጋፍ መግባት አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ምክሬ አግዳሚዎቹን ሁሉ እንዳሉ መተው ነው።

ደረጃ 5፦ ማያያዣና ብረት ይምረጡ

አሉሚኒየም ከሌላ ብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ጠላቱ መዳብ ነው። ከወለሉ ሥር የወደቀ ሳንቲም ወይም የመዳብ ሽቦ ቁራጭ እርጥብ ሆኖ ከከረመ ቀፎውን ሊበሳ ይችላል። የነሐስ ቪቴ አይጠቀሙ። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመ እንጨትም መዳብ ስላለው ጀልባ ውስጥ አይግባ፤ ቀፎውን ከሥር የሚቀቡት ፀረ ዋቅላሚ ቀለምም መዳብ የሌለበት ይሁን።

የማይዝግ ብረት ቡሎንና ቪቴ መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም በመካከሉ የናይለን ሮንዴላ ይግባ፣ ክሩም ላኖሊን ቅባት ወይም ለዚሁ የተሠራ መለያ ቅባት ይቀባ። የአሉሚኒየም ሪቬት በተቻለ ቦታ ሁሉ ይመረጣል። በተበሳ ቁጥር የወደቀውን ብናኝ በመምጠጫ ያንሡ።

ከውሃ መስመር በታች አዲስ ቀዳዳ አይብሱ። የብዙዎቹ ትናንሽ ጀልባዎች ላሜራ ከ1.3 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር ፑንታው ካለፈ በኋላ ማቆም አይቻልም። የሚበሱት ጥልቀት ላይ ፑንታውን በቴፕ ይጠቅልሉ፤ ቪቴ ሲመርጡም ጫፉ ከጀርባ ያለው ላሜራ ላይ እንደማይደርስ አስቀድመው ይለኩ።

ደረጃ 6፦ የፊት መድረክና ወለል

ለዓሣ አስጋሪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው የፊት መድረክ ነው፤ ጠባቡ አፍንጫ የሚቆሙበት ቦታ ይሆናል። ደስታውም እዚህ ነው፣ አደጋውም እዚህ ነው፤ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር የጀልባዋ ሚዛን ይናጋል። መድረኩን ከፊተኛው አግዳሚ ከፍታ አያሳልፉት፣ ከጎኖቹ ጠርዝም ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል። ሥሯ ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ቆሞ ለማስገር ትመቻለች፤ ሥሯ ሹል የሆነች ማዕበል የምትሰነጥቀውን ያህል ቆመው ሲንቀሳቀሱባት ትወዛወዛለች፣ ስለዚህ ለእርሷ መድረኩን የበለጠ ያሳጥሩ።

መጀመሪያ በካርቶን ይሥሩት። የጎኖቹ ኩርባ ከላይና ከታች ስለሚለያይ በሜትር ብቻ ተለክቶ የተቆረጠ ፕላይውድ አይገጥምም። ካርቶኑን በትንሽ በትንሹ እየቀደዱና እየለጠፉ በትክክል እስኪቀመጥ ያስተካክሉ፤ ከዚያ ወደ እንጨቱ ገልብጠው በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ያህል አጥብበው ይቁረጡ፤ ቀፎው ሲተጣጠፍ እንዳይጮኽና ምንጣፉም የሚታጠፍበት ቦታ እንዲኖረው ነው።

ለድጋፉ 38 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ማዕዘን አሉሚኒየም በቂ ነው። ከአግዳሚውና ከጀልባዋ የውስጥ ጎድኖች ጋር በሪቬት ይያያዝ፤ ከታችኛው ላሜራ ጋር ፈጽሞ አይያያዝ። 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ከሆነ ድጋፎቹ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ። ፕላይውዱ የውሃ መከላከያ ሙጫ ያለው ይሁን፤ ሁሉም ቀዳዳና መክፈቻ ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ ገጽና ጠርዙ ኢፖክሲ ይቀባ። ጠርዙ የበለጠ ይጠጣል፣ እስኪጠግብ ይደጋገምለት። በገንዘብ ከቻሉ ግን የ2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራ ይቀላል፣ አይበሰብስም፤ ድጋፎቹን ብቻ ማቀራረብ ይፈልጋል።

ወለሉ ሥር ውሃ ወደ ኋላ ማፍሰሻ የሚሄድበት መንገድ ክፍት ይቆይ፣ እጅ የሚያስገባ መክፈቻም ይኑር። ስለ ምንጣፍ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ያምራል፣ ድምፅም ያፍናል፣ ነገር ግን ውሃ ይይዛል፣ መንጠቆም ይውጣል። የማያንሸራትት ቪኒል ወይም የሚለጠፍ የኢቪኤ ፎም ይሻላል። ባዶ አሉሚኒየም በፀሐይ እግር ስለሚያቃጥል በጥሩ አሸዋ የተደባለቀ ነጣ ያለ ቀለም ርካሹ መፍትሔ ነው።

ቀለም ለመቀባት ቅባቱን በሚገባ ያስወግዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመርም በዚያው ቀን ይቀቡ፤ የተፋቀ አሉሚኒየም ወዲያው አዲስ ሽፋን ያበጃል፣ ቀለሙም በደንብ አይይዝም። ያው ሽፋን ብረቱን የሚጠብቀው ስለሆነ የቀፎው ውጭ ሳይቀባ ቢቀር ምንም ጉዳት የለውም።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪክ

ባትሪውን ከሞተሩና ከነጂው ጋር ኋላ አያከማቹት፤ መካከል ወይም ወደ ፊት ሲሆን ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በሣጥኑ ውስጥ በማሰሪያ ይታሰር፣ አየርም ያግኝ፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ያወጣል። የቤንዚን ታንክ ከእርሱ ጋር በአንድ ዝግ ቦታ አይቀመጥ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይጠራቀማል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ተንቀሳቃሽ ታንክ ሲሞላ ከጀልባዋ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በ18 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይግባ። ቀፎውን እንደ መኪና አካል የኤሌክትሪክ መመለሻ አያድርጉት፤ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ አሉሚኒየሙን በፍጥነት ይበላል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ሽቦ፣ የሚሄድና የሚመለስ፣ ይዘርጉ። ቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ከተራው ይልቅ እርጥበት ይችላል። ሽቦው ላሜራ አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባ፤ የተቆረጠ አሉሚኒየም ጠርዝ ስለት ነው።

በ12 ቮልት የሚሠራ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መቅዘፊያ ሞተር በሙሉ ኃይል 50 አምፒር ገደማ ሊስብ ይችላል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ስለዚህ 100 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ያህል ይሰጣል። በዝግታ ሲነዳ ግን ሰዓቱ ብዙ ይረዝማል። ወደ ፊት ለሚዘረጋ ረጅም መስመር 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጠቀሙ፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ኃይልም ይበላል።

ውሃ ማውጫው ፓምፕ በተንሳፋፊ ማብሪያና በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ይገናኝ፤ ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ እርሱ መሥራቱን ይቀጥላል። ለሌሊት በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በዙሪያው ሁሉ የሚታይ ነጭ መብራት ከፍ ብሎ ይተከል።

ደረጃ 8፦ ወንበርና መሣሪያ

የሚሽከረከር ወንበር ሥር፣ ከመድረኩ በታች በኩል፣ ሰፊ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ገብቶ በቡሎንና በዳዶ ይታሰር፤ ቪቴ ብቻውን ይነቀላል። ከፍ ያለው ወንበር ቆመው ሲያስግሩ ብቻ ነው፤ ሞተር ሲነሣ ሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ለዓሣ መፈለጊያው የውሃ ውስጥ መቀበያ በኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ አንድ ጊዜ ያጣብቁና መቀበያውን በእርሱ ላይ ይሰሩት፤ ቦታ መቀየር ሲፈልጉ የሚበሳው ፕላስቲኩ ነው፣ ቀፎው አይነካም።

ደረጃ 9፦ ውሃ ላይ ይፈትኗት

ነፋስ የሌለበት ቀን፣ ወገብ የማያልፍ ውሃ ይምረጡ፤ ሁሉም ሰው የነፍስ አድን ጃኬት ይልበስ። የማፍሰሻው መድፈኛ መኖሩን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ከቀድሞው የእርሳስ ምልክት ጋር ያነጻጽሩ። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ጎን ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ጠርዙ ወደ ውሃው ከተጠጋ መድረኩ ይውረድ ወይም ዕቃ ይቀነስ። ከዚያ አንድ ሰው በመድረኩ ላይ ቆሞ መንጠቆ እንደሚወረውር ይንቀሳቀስ። ሞተሩን አስነሥተው ሲፈጥኑ አፍንጫዋ ከመጠን በላይ ከተነሣ ባትሪውን ወይም ታንኩን ወደ ፊት ያዛውሩ።

ሲመለሱ መክፈቻዎቹን ሁሉ ከፍተው ውሃ የገባበትን ይፈልጉ፣ ዳዶዎቹን ደግመው ያጥብቁ፣ ሽቦዎቹንም በእጅዎ ይንኩ፤ የሞቀ መጋጠሚያ ካለ ልል ነው ወይም ሽቦው ቀጭን ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው በማይዝጉት ቡሎኖች ዙሪያ ነጭ ዱቄት መኖሩን ያረጋግጡ። ካለ መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ቡሎኑን አውጥተው ዱቄቱን ያጽዱ፣ ቅባቱንና የናይለን ሮንዴላውን ያድሱና መልሰው ይሰሩት።